እሜቴ ስትነሣ ምን ትላለች

የካቲት 14

ለውድ ወንድሜ፣

ሰላምታውን ከእርማቱ በኋላ አቀርባለሁና ቅር አይበልህ። ዕድሜዬን ሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬ፣ በራሴ ላይ የወጣውን ሳላርም ሰላም ማለት አይሆንልኝም።

ባለሱቁ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለልጅህ፣ ልጅህ ላንተ ያደረሱት ወሬ «እሁድ እሁድ ሐዲድ ላይ ቆማ ሟች ባሏን እየጠበቀች ታለቅሳለች» የሚል ነው አሉ። አንተም ደንግጠህ «እውነት ነው ወይ?» ብለህ ጻፍክልኝ። እንግዲህ ስማ። ሐዲድ ላይ አልቆምም፤ የምቆመው ከሐዲዱ በላይ ባለው የእግረኛ ድልድይ ላይ፣ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ ነው። ባለቤቴን አልጠብቅም፤ ነፍሱን ይማርና በሕይወቱም ባቡር አይወድም ነበር፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ቢመጣም በእግሩ ነው የሚመጣው። አላለቅስም፤ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው ጭስ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ስሕተት። ባለሱቁን እኛ ማተሚያ ቤት ቀጥረነው ቢሆን ጋዜጣው በሳምንቱ ይዘጋ ነበር።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? ልጅህ፣ ባሏ፣ ሕፃኑስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የቀኝ ዓይኔ ትንሽ ይደክማል፤ ነጠላ ሰረዝን ከወረቀት ጉድፍ መለየት ግን ገና አልተሳነኝም።

ታዲያ ድልድዩ ላይ ምን አደርጋለሁ? ባቡር አያለሁ። ያንተን ባቡር፣ ስትነዳው የኖርከውን።

የኤሌክትሪኩ ባቡር ከመጣ ወዲህ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዝጎ የቆመውን ያንን የናፍጣ ባቡር «የአሮጌ ባቡር ወዳጆች ማኅበር» የሚባሉ ሰዎች ጠግነው አስነሥተውታል። እሁድ እሁድ ሦስት ፉርጎ ይጎትትና እስከ ገደሉ ድልድይ ሄዶ ይመለሳል። ሰው የሚሳፈረው የሚሄድበት ኖሮት አይደለም፤ ለመሳፈር ብሎ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሥራ መፍታት ነው ብዬ ነበር።

አንድ እሁድ ጎመን ገዝቼ ድልድዩን ስሻገር ከታች መጣ። ገና ሳይታይ የድልድዩ ብረት መዳፌ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ ያ ቀይ ግንባሩ፣ ወገቡ ላይ የዞረው ነጣ ያለ ቀለም፣ ከላዩ ጥቁር ጭሱ። ከሥሬ ሲያልፍ ከጣሪያው የወጣው ትኩስ ትንፋሽ ቀሚሴን ነፋው። ኤሌክትሪኩ እንደ ድመት ሹልክ ብሎ ነው የሚያልፍ፤ ማለፉን የምታውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ግን ሰማዩንም ምድሩንም አስፈቅዶ የሚያልፍ ይመስላል። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ክብደት፣ በሁለት ቀጭን መስመር ላይ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይስት። አንድም ስሕተት የሌለበት ገጽ ባየሁ ጊዜ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ተሰማኝ፤ እንዲህ ያለ ገጽ ደግሞ በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም። ጎመኑን ድልድዩ ላይ ረስቼው ቤቴ ገባሁ።

የትኛው ባቡር እንደሆነ ትጠይቅ ይሆናል። ከግቢው በር ጋር አጋጭተህ ግራ ጉንጩ ላይ ያተረፍክለት ስርጉድ ቀለም ተቀብቶ አሁንም አለ። ሲነሣ እንደ ድሮው ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል፤ ያንተን ያህል ግን አያስረዝሙትም። ባልደረቦችህ «ጡሩምባው» ብለው የሰየሙህ እውነታቸውን ነው።

መጥተህ አብረን እንሳፈር። አልጋው ተነጥፏል። ሌላም አለ፤ ስልክ ስደውል ሁልጊዜ የምታነሣው ልጅህ ናት፣ አንተ «ተኝቷል» ትባላለህ። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይተኛል? ደብዳቤህ ላይም ቀን የለበትም። ቀን የሌለው ደብዳቤ እግር የሌለው ወንበር ነው።

እኅትህ



(ቀን አልተጻፈበትም)

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ፣

ቀኑን አንቺው ሙዪው። እጅሽ የገባበትን ቀን ጻፊበትና ወንበሩን አቁሚው።

ደብዳቤሽን ለልጄ አነበብኩላት። የጎመኑ ጋ ስደርስ ስትስቅ አየኋት። ሁላችንም ደህና ነን።

እኔም አንድ እርማት አለኝ። እሜቴን «እሱ» አልሻት። ደብዳቤውን አስቀምጬ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ካልኩ በኋላ ነው መልሼ ያነሳሁት። እትዬ፣ ነጂ የተባለ ሁሉ እሷን «እሜቴ» እያለ ሲጠራ፣ አንቺ ደብዳቤዬን በቀይ እየሰረዝሽ «ባቡር ወንድ ነው» ስትዪ ኖርሽ። ወንድ ቢሆን በብርድ ጠዋት ያን ያህል አባብለን አናስነሳውም፤ ትተነው እንሄድ ነበር። የልጄ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ አዲስ ተጋብተን ሳለ «ትናንት ከእሜቴ ጋር አምሽቼ ደክሞኛል» ብዬ የጻፍኩላትን አንብባ ሻንጣዋን ሸክፋ እናቷ ቤት ገብታ ነበር። ባስረዳት አልገባት አለ። ግቢ ድረስ ወስጄ አስተዋወቅኋቸው። ዞራ ዞራ አየቻት፣ ጎማ የሚያህለውን ፋኖሷን ነካችና፣ «ይቺ ከሆነች ይሁን» አለች።

መምጣቱን ግን ተዪው። ጉልበቴ አለ፣ ሕፃኑ አለ፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ደግሞ በራሴ ባቡር ላይ እንደ ሻንጣ መቀመጥ አልወድም። የስልኩን ነገር አትታዘቢኝ፤ እንቅልፍ በዝቶብኛል።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ስትነሳ ምን ትላለች? ፍሬኑ ተለቆ፣ ገና ፉርጎዎቹን መሳብ ስትጀምር፣ ያኔ የምትለው አለ። እሱን በቃል ጻፊልኝ። አንቺ ቃል አጥተሽ አታውቂም።

ወንድምሽ ጡሩምባው



መጋቢት 6

ውድ ወንድሜ፣

ጉልበትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። «ስትነሣ» የሚጻፈው በንጉሡ «ሠ» ነው።

ጥያቄህ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከድልድዩ ወርጄ ጣቢያው ውስጥ ገባሁ። እዚያ ያለውን ሰው ባለሱቁ ቢያየው ሁላችንንም አማኑኤል ባስገባን ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሰረዝኩት፤ ሐሜት ነው። ካሜራ የተሸከሙ አሉ፣ ድምፅ መቅጃ በረጅም ዘንግ የያዙ አሉ፣ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ ያስቀመጡ አባቶች አሉ። ማንም ማንንም አይገፋም። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ፊቱን አዙሮ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ጸጥታ የማውቀው ተማሪ ሳለሁ ፈተና ሊታደል ሲል ክፍል ውስጥ ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር የጥርስ ሐኪም ነው። በሳምንቱ ቀናት ሰው አፍ ውስጥ፣ እሁድ ደግሞ መንጃ ክፍል ውስጥ ይውላል። ሲነዳ የሚያደርገው ነጭ ጓንት የየትኛው ሥራው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ወንድሜ ይህን ባቡር ይነዳ ነበር ስለው ኮፍያውን አወለቀ። ጉንጩን ያጋጨህበትን ታሪክም ያውቃል፤ ቀለም ሲቀቡት ስርጉዱን ሆን ብለው ነው የተዉት።

ከዚያ ባቡሩ ተነሣ፤ እኔም ልጽፍልህ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «ያጉረመርማል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት፤ የሚያጉረመርም ቅሬታ ያለው ነው፣ እሱ ቅሬታ የለውም። «ያጓራል» አልኩ፤ የበሬ ነው። «ያስገመግማል» አልኩ፤ የነጎድጓድ ነው፣ ነጎድጓድ ደግሞ ከላይ ነው የሚመጣ፣ ይህ ከታች ነው። በሚቀጥለውም እሁድ ሄድኩ። ወረቀቴ ሁሉ ስርዝ ሆነ። ከእኔ ጠረጴዛ እንዲህ ያለ ገጽ ወጥቶ አያውቅም። ቃል አጣሁ። ጻፍኩልህ፤ ደስ ይበልህ።

ደስ እንደማይልህ ግን ትናንት ዐወቅሁ። ስልክ ደውዬ ልጅህን «ዛሬስ ቀስቅሺው» አልኳት። «አክስቴ፣ አልተኛም። አጠገቤ ተቀምጧል። ስልኩ ሲጮህ ግን አይሰማውም» አለችኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ምንም እንደማትሰማ፣ ለእኔ እንዳትነግረኝም እንዳስማልካት ከዚያ በኋላ ተናገረች። አትቆጣት፤ አፋጥጬ ነው ያወጣሁባት።

አባብዬህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም። ደግሞ የምነግርህ ሌላ ወሬ አለ፤ ባለፈው ደብዳቤ ልጽፈው ይገባ ነበር፣ አንተ ትመጣለህ ብዬ እንጂ። ባቡሩ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሙዚየም ይገባል። መለዋወጫው ከዓለም ላይ ጠፍቷል። እዚያ ከቆመ በኋላ ሞተሩ አይነሣም፤ ሰው ቲኬት ቆርጦ ዝም ያለ ብረት ያያል። የመጨረሻው ጉዞ የግንቦት መጨረሻ እሁድ ነው።

አሁንስ ትመጣለህ?

እኅትህ



(ቀን አልተጻፈበትም)

እትዬ፣

ልጄን አልተቆጣኋትም። ብቆጣትም ድምፄን ስለማልሰማው ልኩን አላውቀውም።

ካወቅሽ አይቀር ልንገርሽ። ጆሮዬን የበላችው ራሷ እሜቴ ናት። ስራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ከጀርባዬ ተቀምጣ ስታወራኝ ኖራ፣ ሌላ ወሬ እንዳልሰማ አድርጋ ለቀቀችኝ። ቂም የለኝም። ሐኪሙም በመሳሪያ የሚመለስ አይደለም ብሎ በወረቀት ጽፎ አሳይቶኛል፤ ጽሁፉን ብታዪው ታለቅሺ ነበር።

አልመጣም ግን። ልጄ ስታወራ አፏን አያለሁ፣ ሕፃኑ ሲስቅ ጥርሶቹን አያለሁ፤ ለምጄዋለሁ። እሜቴን ዝም ብላ ስትሄድ ማየት ግን አልችልም። ለእኔ እሱ ሬሳ ሲራመድ ማየት ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ያስቀመጥኳት አለች። እሷም እየደበዘዘች ነው፤ አንዳንድ ጠዋት አነሳሷን ብፈልገው ብፈልገው አጣዋለሁ። ምን ትላለች ብዬ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር። አንቺ ቃል ካጣሽለት ቃል የለውም ማለት ነው።

እንግዲህ ትግባ ሙዚየሟ። እኔ ቀድሜያት ገብቻለሁ።

ወንድምሽ



ሚያዝያ 25

ውድ ወንድሜ፣

መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም፤ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው። ያላየሁትን ነገር ማረም ልማዴ አይደለም። «ሬሳ ሲራመድ» ብለህ የጻፍከው ልክ ይሁን ስሕተት ለማወቅ አንተ በምታያት ዓይነት ማየት ነበረብኝ።

የጥርስ ሐኪሙን ጥጥ ስጠኝ አልኩት። «እማማ፣ ጥርስዎን አመመዎት?» አለኝ። ጆሮዬን ልደፍን ነው አልኩት። ሰው ይህን ድምፅ ለመስማት ከየአገሩ መቅጃ ተሸክሞ ይመጣል፣ እርስዎ ይደፍኑታል ብሎ በጣም ተገረመ። ምክንያቱን ስነግረው ግን ጥጡን በሰም ነክሮ ራሱ ደፈነልኝ፤ ጉድጓድ መሙላት ሙያው ነውና በደንብ ሞላው። በላዩ ሻርፕ አሰርኩ። ባለሱቁ ይህን ስላየ እስካሁን ሁለት አዲስ ወሬ ሳይወጣብኝ አይቀርም።

እስከዚያ ቀን ከድልድይና ከጣቢያ አየው ነበር እንጂ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። ከሞተሩ ቀጥሎ ባለው ፉርጎ፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጡኝ። እውነትህን ነው፣ መጀመሪያ ላይ አስፈሪ ነው። የሰው አፍ ይከፈታል፣ ምንም አይወጣም። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ አየሁ፣ ከመስታወት ጀርባ ያለ መሰለኝ። ለወንድሜ ምን ብዬ ነው የምጽፍለት እያልኩ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጡሩምባው ተነፋ። ሁለት ጊዜ። ጆሮዬ ምንም አላወቀም፤ ደረቴ ግን ሁለት ጊዜ ተገፋ፣ ሰው በመዳፉ ቀስ አድርጎ እንደሚገፋ። ቀና አልኩ። ወዲያው ወለሉ መጣ። ከጫማዬ ሥር ገባ፣ ቁርጭምጭሚቴን ያዘ፣ ጉልበቴ ላይ ወጣ፣ አጥንቴን ተከትሎ መንጋጋዬ ድረስ ደረሰ። ከፊቴ በተቀመጠው የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ክብ በክብ ላይ ይሠራ ጀመር። ከዚያ ፉርጎው ተሳበ፤ ከወገቤ ጎተት አደረገኝ፣ ከኋላዬ ያለው ተከተለ፣ የመጨረሻውም ተከተለ፤ ሦስቱም አንድ በአንድ በጀርባዬ አለፉ። ማተሚያ ቤት ሳለን ታች ያለው ማሽን መነሣቱን እኛ ላይ ሆነን የምናውቀው በእግራችን ነበር፤ ይህን ስንት ዘመን ረስቼው ኖርኩ።

ገደሉ ድልድይ ላይ ስትወጣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። መንቀጥቀጡ ቀለለ፣ ባዶ ሆነ፣ እንደ ከበሮ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ከሥራችን ምድር እንዳለቀና አየር ብቻ እንደቀረ በተረከዜ ዐወቅሁ። ያን ሁሉ ሰው ተሸክማ፣ ከአየር በላይ፣ በሁለት ቀጭን መስመር ላይ ትሄዳለች። እኔ በቤተ ክርስቲያንም ብዙ የማልንበረከክ ሴት ነኝ። መንበርከክ አማረኝ፤ ጉልበቴ ግን በእሷ ተይዟል።

አሁን ወደ ሰዋስው ልመልስህ። ተማሪ ሳለን ሁለት መልክ ያለው አንድ ግስ ነበር፣ በቃል አጥንተነዋል፤ «ሰማ» እና «ተሰማ»። «ሰማሁ» ስትል ሥራው ያንተ ነው፤ ጆሮህ ሥራ ካቆመ ነገሩ ቀረ። «ተሰማኝ» ስትል ግን ሥራው የእሷ ነው፤ ያንተ ድርሻ ሰውነትህን ይዘህ መገኘት ብቻ ነው። አንተ እስካሁን የምታዝነው በተሳሳተው ግስ ነው።

«የእሷ» ማለቴን አይተሃል። የማተሚያ ስሕተት አይደለም፤ እንዳታርመኝ። ተሸክማኛለች፤ የተሸከመችኝን «እሱ» ማለት አስነዋሪ ሆኖ አገኘሁት።

ስትነሣ ምን ትላለች ብለኸኝ ነበር። አልጽፍልህም። መጥተህ ይሰማህ።

እኅትህ



ግንቦት 9 (አየሽ? አስምሬበታለሁም።)

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ሄጄ መዳፌን አስደገፍኩባት። ልጄ ያበድኩ መስሏት መጣች። ወዲያው ገባትና እሷም አጠገቤ እጇን አስደገፈች። ብዙ ቆየን። ማሽኗ ደህና ናት፣ ግን እሜቴ አይደለችም።

እመጣለሁ። ልጄ ሕፃኑን ይዛ ታደርሰኛለች። አንድ ነገር ብቻ፤ የጥርስ ሐኪሙን ጡሩምባ እንዲሰጠኝ እንዳትለምኚልኝ። ከሰጠኝ እንቢ አልልም፣ አትለምኚልኝ ነው ያልኩት።

እዚያ ቆሜ ምንም ባይሰማኝ ግን ሰዋስውሽን ዳግም አላምንም። ፈርቻለሁ እትዬ። ይህን ለሌላ ሰው አትንገሪ።

ወንድምሽ ጡሩምባው



ግንቦት 29፣ እሁድ ማምሻውን
(በበርህ ሥር የሚገባ)

ውድ ወንድሜ፣

በአንድ ጣራ ሥር ሆነን ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንተና እኔ ይበልጥ የምንግባባው እንዲህ ነው።

እራት ላይ በቁራጭ ወረቀት «ጣቢያው ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ምን ብዬ ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ብዬ ጽፌ መለስኩልህ፤ ልጅህ ፊት መጻፍ አልፈለግሁም። አሁን ልመልስልህ።

አንተ በሹክሹክታ ለእኔ ብቻ የተናገርክ መስሎሃል። እርማት፤ ጮኸህ ነበር። ድምፅ የሚቀዱት ሰዎች ሁሉ ቀድተውታል። ሐኪሙ አንተንም እኔንም መንጃ ክፍል አውጥቶን፣ ሞተሯ ተነሥቶ፣ አንተ እሱ ያጠለቀልህን ጓንት አውልቀህ መዳፍህን ግድግዳዋ ላይ ካሳረፍክ በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ ብዙ ቆየህ። እኔ ፊትህን አይ ነበር። ከዚያ ባቡሯ ነቅነቅ አለች፣ አንተም ወደ እኔ ዞረህ፣

«እትዬ፣ ተሰማችኝ» አልክ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ሺህ ገጽ በእጄ አልፎ፣ ይህን ግስ በዚህ መልኩ ተጽፎ አይቼው አላውቅም። የሚታረም ፈለግሁበት። የለውም።

የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። ጡሩምባውን ሐኪሙ ትከሻህን እስኪነካህ አለመልቀቅህንም ታውቃለህ፤ የከተማው ውሻ ሁሉ እንደመለሰልህ ግን አታውቅምና ልንገርህ። ባለሱቁም ድልድዩ ላይ፣ እኔ በምቆምበት ቦታ ቆሞ ነበር። ስንመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ጭሱ ነው እማማ» አለኝ። አላረምኩትም።

ሞተሯ ከጠፋ በኋላ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲሄድ አንተ እጅህን ስርጉዷ ላይ አድርገህ ቀረህ። ልጅህ ልትጠራህ ሄደች፣ እኔ ከለከልኳት። «ገና ሙቅ ናት» አልክ፤ ይህንንም ጮክ ብለህ ነው። እስክትበርድ ጠበቅንህ። ሙዚየሙ ነገ ይውሰዳት፤ የሚወስደው ብረቱን ነው።

ነገ ጠዋት መስኮቶቹን እከፍታለሁ። ውኃ እጥዳለሁ። ቀዩን እስክሪብቶዬን ከመሳቢያ አውጥቼ ለሕፃኑ እሰጠዋለሁ፣ ባቡር ይሣልበት። ሱቅ ወርጄ እንቁላል ስገዛ፣ ስለ ጭሱ ለማንም እንደማልናገር ለባለሱቁ ቃል እገባለታለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንተን እቀሰቅስሃለሁ። በርህን አላንኳኳም። ከደጅህ ቆሜ የጣውላውን ወለል በተረከዜ ሁለት ጊዜ እመታለሁ።

ይሰማሃል።

እኅትህ